ዓሣ የመሰለን ሽታ፦ ባለ 40 ግሎብ ውስጥ ስለገባው ባለ 100 ዋት አምፖል

አክስቴ የደወሉልኝ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። "ልጄ፣ ይሄ አምፖል ምን ነክቶት ነው፣ በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛዬ ነው፣ ገና ሳልጠግበው ድርግም ይላል" አሉኝ። እኔ ባህር ዳር ውስጥ የቤት መስመር በመዘርጋትና በመጠገን ነው የምተዳደረው፣ እንደዚህ ዓይነት ስልክ በቀን ሁለት ሦስቴ ይመጣል፣ እና "እሺ እትዬ፣ እሁድ መጥቼ አየዋለሁ" ብዬ ዘጋሁት። የደወሉት ማክሰኞ ነበር። ያቺን አምስት ቀን አሁን ሳስባት ልቤ ድንግጥ ይላል፣ ምክንያቱም እሁድ ሄጄ ያየሁት ነገር እንኳን አምስት ቀን አንድ ሌሊትም የሚያድር አልነበረም። ጉዳዩን እንዳለ ልጽፈው የፈለግኩት ለዚህ ነው፣ ልክ እንደዚች ዓይነት ግሎብ ያለበት ቤት ስንት እንደገባሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ቤቱ ሽምብጥ ነው፣ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ። ኮርኒሱ በ2009 ዓ.ም. ሲሠራ ሳሎኑ መሀል ላይ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ክብ ግሎብ ተገጠመች፣ ነጭ የብርጭቆ ክዳን ያላት፣ ከላይ የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ኮርኒሱ ላይ ልጥፍ ብላ የምትቀመጠዋ። ስትገጠም ባለ 40 ዋት ቢጫ አምፖል ነበረባት፣ ለዓመታት ምንም አልሆነችም።

አክስቴ ሥራቸው ጥልፍ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የጥምቀት ትእዛዝ ይጎርፋል፣ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" ተብሎ የለ፣ የሁሉም ሰው ቀሚስ ለዛች ቀን መድረስ አለበት፣ እና ቀን የቤቱን ሥራ ሲያዞሩ ይውሉና ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት መርፌ ይዘው ይቀመጣሉ። ዕድሜያቸው 60 አልፏል። በዚህ ዕድሜ ዓይን ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው አንድ ሦስተኛው ገደማ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ነጭ ክር በነጭ ሸማ ላይ ነው የሚጠልፉት። ይሄን የምለው የኛ ሙያ ሰው "ማን ትልቅ አምፖል አስገባ" ብሎ መቆጣት ስለሚቀናው ነው። ሰው ትልቅ አምፖል የሚያስገባው ስላልታየው ነው፣ ሌላ ምክንያት የለውም፣ መቆጣቱ ምንም አይጠቅምም።

አለመታየቱ ደግሞ የዓይናቸው ጉዳይ ብቻ አልነበረም፣ እሱን ያወቅኩት ኋላ ላይ ቴስተር ይዤ እዛው ሳመሽ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ የሳሎኑ ሶኬት 190 ቮልት ነው ያሳየኝ፣ 220 መሆን ሲገባው። ሰዓቱ ሰፈሩ ሁሉ እንጀራ የሚጋግርበት ነው፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይበላል፣ ይሄ 35 ባለ መቶ አምፖል ባንዴ እንደማብራት ማለት ነው፣ በአንድ መስመር ላይ ያለ ጎረቤት ሁሉ እኩል ሲጥድ ቮልቱ ይወርዳል። ሰው "በለስ ከ2002 ጀምሮ ከዚሁ ከጣና ውሃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ያመነጫል፣ እኛ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን መብራት ይደክምብናል" ይላል፣ ግን ማመንጫው ምንም ያህል ቢሆን እቤታችሁ ድረስ የሚመጣው ሽቦ ላይ ጭነት ሲበዛ ጫፍ ላይ ያለው ሰው የሚደርሰው የተረፈው ነው። ባለ ክር አምፖል፣ ቢጫው ማለቴ ነው፣ ለቮልት በጣም ስሱ ነው፣ ከ220 ወደ 190 ሲወርድ ፍጆታው ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ ግን ወደ 60 በመቶ ነው የሚወርደው። ያቺ ባለ 40 አምፖል ኩራዝ መስላ ነበር ማለት ነው፣ እና አክስቴ ልጅ ልከው ባለ 100 አስገዙ።

ባለሱቁ አልከለከለም፣ ለምን ይከልክል፣ የባለ 40ውም የባለ 100ውም ጥምዝ አንድ ነው፣ ኢ27 የሚባለው፣ 27 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው። ዘወር ዘወር አድርገው ገባ፣ ቤቱ ፈካ። ግሎቧ መቀመጫ ላይ፣ አምፖሉ ከሚጠመዘዝበት ከሆልደሩ ጎን፣ ትንሽ ወረቀት ተለጥፋ "ማክስ 40 ዋት" ትላለች። እሷን የሚያያት ክዳኑን ያወረደ ሰው ነው፣ እሱም ቀና ብሎ ካነበበ። አክስቴ ቢያነቡትም ትርጉሙ "ከዚህ በላይ መብራት ይቆጥራል" የሚል ነው የሚመስላቸው፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚመስለው፣ ቁጥሩ ግን ስለ ቆጣሪ ሳይሆን ስለ ሙቀት ነው። እዛች ብርጭቆ ውስጥ ስንት ዋት ሙቀት ብትዘጉባት መቀመጫዋም ሆልደሯም ሽቦዋም ሳይጎዱ እንደሚችሉት የሚናገር ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ሽታው ልምጣ።

ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ገባ። ባህር ዳር ውስጥ ጾም ሲገባ ዓሣ ጥብሱ ይበዛል፣ ዓሣ የማይበሉ አጥባቂዎች ቢኖሩም የሚበላው ብዙ ነው፣ ከሐይቁ ቆረሶውም አምባዛውም ይወጣል፣ ማታ ማታ ሰፈሩ ዓሣ ዓሣ ነው የሚለው። አክስቴ ቤትም ማታ ላይ ዓሣ መሽተት ጀመረ። ማንም አልገረመውም። የአክስቴ ልጅ ኋላ ላይ ስጠይቀው "ሁሌ ከ3 ሰዓት በኋላ ነበር የሚሸተው፣ ጎረቤት አምሽተው የሚጠብሱ መስሎኝ" አለኝ። እኔ ራሴ ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ እዛ ቡና ጠጥቼ አምሽቻለሁ፣ ሸቶኛል፣ "ዛሬ ዓሣ አለ እንዴ እትዬ" ብዬም ጠይቄያለሁ፣ እሳቸውም "የለም ልጄ፣ ከጎረቤት ነው" አሉኝ፣ በቃ። የሚያሳዝነኝ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ፣ ሌላ ከተማ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ቀና እል ነበር።

ለማታውቁት፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬት፣ ሆልደር የሚሠራበት ጠንካራ ፕላስቲክ ብዙ ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ዓይነት ነው። ከልክ በላይ ሲሞቅ፣ ገና ጭስ ሳይኖረው፣ አሚን የሚባሉ ጋዞች ይለቃል፣ ያደረ ዓሣን የሚያሸተውም ከዛው ከአሚን ቤተሰብ የሆነ ነገር ነው፣ ስለዚህ መምሰል ብቻ ሳይሆን በኬሚስትሪውም ዘመድ ናቸው። ቤታችሁ ውስጥ ዓሣ ሳይኖር ዓሣ ከሸተተ፣ ወይ የሽንት ዓይነት ሽታ ከመጣ፣ በተለይ መብራት በርቶ ሁለት ሦስት ሰዓት ካለፈው በኋላ ከሆነ፣ አጥፉትና ሰው ጥሩ። ሽታው ጠዋት ከጠፋና ማታ ከተመለሰ ደግሞ የማብሪያውን ሰዓት ነው እየተከተለ ያለው።

እሁድ ጠዋት ሄድኩ። ዋናውን ብሬከር አወረድኩ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ክዳኑን ፈታሁ፣ ውስጡ ላይ ቡናማ ቅባት የመሰለ ነገር በጣት ሲነካ የሚጣበቅ ተቀምጧል። አምፖሉን ላወጣው ሳዞረው አልዞርም አለ። ትንሽ ጠንከር ሳደርገው ብርጭቆው በጨርቅ እጄ ላይ ቀረ፣ ቆርቆሮው ጥርሱ ሆልደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። በፒንሳ ይዤ ስጠመዝዘው ሆልደሩ ራሱ ተሰብሮ ወደቀ፣ ነጭ የነበረው ፕላስቲክ የቡና ቁላ ቀለም ይዞ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ብስኩት ይፈረፈራል።

ከዛ ሽቦዎቹ ታዩኝ። የሽቦ ልባስ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ለስላሳ ነው፣ ብታጥፉት ይታጠፋል። የዚህኛውን በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ሳደርገው ልክ እንደ ድርቆሽ ተሰባብሮ ረገፈ። ፌዙና ኒውትራሉ፣ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ ማለት ነው፣ ራቁታቸውን ጎን ለጎን ቀሩ፣ መሀላቸው የስንዴ ፍሬ እንኳን በግድ ነው የሚገባው። አንድ ሰው በር በኃይል ቢዘጋ፣ አይጥ ኮርኒሱ ላይ ብትሮጥ፣ ሁለቱ ይገናኙና ሾርት ያደርጋሉ። መቀመጫውን ሳነሳው ደግሞ ችፑዱ ላይ ማቶት የሚያህል ክብ፣ ዳሩ ቡናማ መሀሉ ጥቁር፣ መሀሉን በጥፍሬ ስጭረው ከሰል ነው፣ ጥፍሬ ጠቆረ። ከችፑዱ በላይ የባህር ዛፍ ማገር፣ የዓመታት አቧራ፣ አይጥ የሰበሰበችው ጭድና የጨርቅ ብጥስጣሽ አለ፣ ያውም የአክስቴ የጥልፍ ክር ውስጡ አለበት። ከሰል የሆነ እንጨት ከደህናው ቀድሞ ነው እሳት የሚይዘው፣ ከላዩ ደግሞ ማቀጣጠያው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

አክስቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩትና "እኔ እኮ እዚህ ሥር ነው የምተኛው" አሉ። በሥራው ጊዜ አልጋ ሳይሄዱ እዛው መደቡ ላይ ነው ጋደም የሚሉት።

የአክስቴ ልጅ ፖሊ ነው የሚማረው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ወዲያው ያነሳው ጥያቄ "ብሬከሩ ለምን አልወደቀም?" የሚል ነበር። በጣም ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ ሁሉም ሰው ቤቱ ብሬከር ስላለው ተማምኖ ነው የሚተኛው። ሒሳቡን አብረን ሠራነው። 100 ዋት ለ220 ሲካፈል 0.45 አምፒር ነው፣ ግማሽ አምፒር እንኳን አይሞላም። የመብራት መስመሩ ላይ ያለው ብሬከር ባለ 10 አምፒር ነው። ብሬከሩ የሚጠብቀው በሽቦው ውስጥ ከልክ በላይ ጅረት እንዳያልፍ ነው፣ እና እሱ እንዳየው ምንም የተለየ ነገር የለም፣ ከሚችለው 10 አምፒር ውስጥ ግማሽ አምፒር የማትሞላ ነገር ነው ያለፈችው። ምጣዱ 16 አምፒር ገደማ ሲስብ ሽቦው ምንም አልሆነም፣ ምክንያቱም ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመር አለው። የግሎቧ ሽቦ የተቃጠለው ከውስጥ ባለፈበት ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ከውጭ በአምፖሉ ሙቀት ተቀቅሎ ነው። ሙቀቱን የሚያይ ነገር ብሬከር ውስጥ የለም። ብሬከሩ የሚወድቀው ሽቦዎቹ ተገናኝተው ሾርት ሲያደርጉ ነው፣ ያኔ ደግሞ ብልጭታው ከሰሉ ላይ አርፏል።

ሙቀቱ ከየት መጣ ካላችሁ፣ ባለ ክር አምፖል ከሚበላው ከመቶ 90 ምናምኑን ሙቀት ነው የሚያደርገው፣ መብራት የሚሆነው ከ10 በመቶ በታች ነው። ባለ 40ው ውስጥ 36 ዋት ገደማ ሙቀት ነበር፣ ባለ 100ው ግን 90 አደረገው፣ በዛችው ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ፣ መውጫ በሌለበት። ሙቅ አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፣ አምፖሉ ቁልቁል ስለተሰቀለ ላዩ ያለው ደግሞ ሆልደሩና ሽቦው ነው። የባለ 100 አምፖል ብርጭቆ ክፍት አየር ላይ ተንጠልጥሎ እንኳን ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ተራው የቤት ሽቦ ልባስ ግን የተሠራው እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው። ከዛ በላይ በየቀኑ አምስት ስድስት ሰዓት ሲቆይ ልባሱን ለስላሳ የሚያደርገው ነገር እየተነነ ይወጣል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ባንድ ቀን አይደለም የሚሆነው፣ ለዛ ነው ሰው የማያየው፣ የመጀመሪያ ቀን ሞክሮት ምንም ስላልሆነ "ይችላል" ብሎ ይተወዋል።

አምፖሉ ቶሎ ቶሎ ለምን ይቃጠል እንደነበርም እዛው መለሰልን። አንደኛ፣ ሆልደሩ ውስጥ ያለችው ምላስ ሙቀቱ ስላላላት አምፖሉን በደንብ አትነካም፣ ትንንሽ ብልጭታ ትረጫለች፣ እሱም ሌላ ሙቀት ነው። ሁለተኛ፣ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ያንኑ ሶኬት ስለካው 231 ቮልት ሆኗል፣ ሰፈሩ ምጣዱን አውርዶ ተኝቷል። ከ220 በ5 በመቶ በለጠ ማለት ነው፣ ትንሽ ይመስላል ግን የባለ ክር አምፖል ዕድሜ በዛች 5 በመቶ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ፍጆታውም ወደ 108 ዋት ይወጣል። ስለዚህ አክስቴ መጀመሪያ ማታ ደከመብኝ ብለው የገዙት አምፖል ሌሊት ላይ ከራሱም ከተጻፈበት በላይ ይሞቅ ነበር፣ እሳቸው ከሥሩ ጋደም ባሉበት ሰዓት። ሦስተኛው ሲቃጠል ባይደውሉልኝ አራተኛ ይገዙ ነበር።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ኮርኒስ ውስጥ ገብቼ ሽቦውን እየቆረጥኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ልባሱ እንደገና ለስላሳ እስኪሆን ድረስ፣ አንድ ክንድ ያህል ሄዶ ነው ደህናው የተገኘው። የደረቀውን በናስትሮ ጠቅልሎ መተው የሚባል ነገር አለ፣ እባካችሁ እንደዛ የሚያደርግ ሰው ቤታችሁ አታስገቡ፣ ናስትሮውም ራሱ ይደርቃል፣ ከሥሩ ያለውም መርገፉን ይቀጥላል። አዲስ 1.5 ሽቦ ከሳጥኑ ጀምሮ ሳብኩ፣ የጠቆረውን ችፑድ አራት ማዕዘን አድርጌ ቆርጬ ሌላ ተካሁ፣ የአይጧን ጎጆ ጠርጌ አወጣሁ፣ እና ግሎቧን አልመለስኳትም፣ በሷ ፋንታ ክፍት የሆነ መብራት በሸክላ ሆልደር ገጠምኩ።

አምፖሉ ኤልኢዲ ሆነ፣ 15 ዋት። ሣጥኑ ላይ "15 ዋት = 100 ዋት" ይላል፣ የአክስቴ ልጅ እዚህ ጋ "ታዲያ ያው መቶ አይደል" ብሎ ያዘኝ፣ ሌላም ሰው ደጋግሞ ይጠይቀኛል። ግሎቡ ላይ ያለው "ማክስ" የሚያየው አምፖሉ በትክክል የሚበላውን ነው፣ እሱም 15 ነው፣ 100 የሚለው የብርሃኑ ማነጻጸሪያ ነው። ባለ 40 የተጻፈበት መብራት ላይ 15 ዋት ኤልኢዲ በሙቀት በኩል አይከለከልም። ግን ዝግ ግሎብ ውስጥ ኤልኢዲም ቢሆን አልወድም፣ ቤቱን ስለሚያቃጥል ሳይሆን አንገቱ ላይ ያለችው ኤሌክትሮኒክስ ሙቀት ስለማትወድ ነው፣ አየር ካጣች ዓመታት መቆየት ሲገባት ቶሎ ትሞታለች። ዝግ ላይ የግድ ከሆነ ሣጥኑ ላይ ለዝግ መብራት ይሆናል የሚል ፈልጉ፣ ወይ ዋቱን ዝቅ አድርጉ። ቮልት ለሚዋዥቅበት ሰፈር ደግሞ የሚሠራበት ቮልት ሰፊ ሆኖ የተጻፈበትን፣ ለምሳሌ ከ100 እስከ 240 የሚለውን ውሰዱ፣ እሱ 190 ላይም ብርሃኑ እምብዛም አይቀንስም። አክስቴ መጀመሪያ የፈለጉት ይሄንን ነበር።

ምንም ያልተጻፈበት መብራት ስንት ይችላል ለምትሉኝ፣ እኔ ዝግ ከሆነ ከ40፣ ክፍት ከሆነ ከ60 በላይ ባለ ክር አምፖል አላስገባም፣ ሃሎጅን ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አልነካውም፣ እሱ ከቢጫውም ይብሳል ሙቀቱ።

ከሁሉ በላይ ለአክስቴ የጠቀማቸው ግን የኮርኒሱ አልነበረም። ኮርኒስ ላይ ያለ አምፖል ከእጃቸው ሁለት ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ያውም ቀና ብለው ሳይሆን አጎንብሰው ስለሚሠሩ የገዛ ራሳቸው ጥላ ሸማው ላይ ይወድቃል። የብርሃን ምንጭ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ባለ 7 ዋት ኤልኢዲ ያላት የጠረጴዛ መብራት በግራ ትከሻቸው በኩል አደረግኩላቸው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ቀኝ እጃቸው ጥላ እንዳይጥል። ያን ዕለት ማታ ክሩን አንዴ ምራቅ አስነክተው በመጀመሪያው ሙከራ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡት፣ ከዛ ቀና ብለው አዩኝ፣ ምንም አላሉም፣ መጥለፋቸውን ቀጠሉ።

ሌሎቹንም ክፍሎች አየኋቸው፣ ኮርኒሱ ሲሠራ ያቺው ግሎብ በሁሉም ክፍል ነበር የተገጠመችው። መኝታ ቤቱ 40 እንደነበረ ነው፣ ሽቦው ንጹሕ። ኩሽናው ባለ 60 ነበረበት፣ ሆልደሩ ቢጫ ማለት ጀምሯል፣ ቀየርኩት። ለተከራይ የተሰጠችው ክፍል ተቆልፋ ስለነበር ማክሰኞ ተመልሼ ነው ያየኋት፣ ባለ 100 ነበረባት፣ ልጁ ፈተና ስለነበረው ሌሊት ያነባል፣ ልባሱ ገና መጠንከር ላይ ነበር።

ዐቢይ ጾም ላይ አክስቴ እንደገና ደወሉልኝ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል፣ "ልጄ፣ ዓሣ ሸተተኝ፣ ሁሉንም አጥፍቼ ውጭ ተቀምጫለሁ" አሉኝ። እሁድ አላልኩም፣ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ኮርኒሱን በእጄ ዳሰስኩት፣ ቀዝቃዛ ነው። ሆልደሩን፣ ሶኬቶቹን፣ የተከራዩን ክፍል አየሁ፣ ሁሉም ደህና። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ቆረሶ እየጠበሱ ነበር።